ጂፒን ትታችሁ ኢመርጀንሲ ሂዱ ላሉን ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እንግሊዝ አገር በምንኖር አበሾች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ የሚዘዋወር አንድ ጽሑፍ አለ። ብዙዎቻችሁ ሳይደርሳችሁ አልቀረም። ላልደረሰው ሐሳቡን ባጭሩ ልንገረው። የጂፒ፣ ማለትም የሰፈር ሐኪም፣ ቀጠሮ አይገኝም ይላል። ሪሴፕሽኒስቶቹ ሆን ብለው ይመልሱናል። ኢንተርኔት ላይ ፎርም ሙሉ የሚሉን እኛን ለማራቅ ነው። ቀጠሮ ቢገኝም የሚያየን ሐኪም አይደለም፤ ሐኪም ቢሆንም ፓራሲታሞል አዝዞ ይሸኘናል። ከዚያ ምክሩ ይመጣል። የባሰበት ቀጥታ ኢመርጀንሲ ይሂድ። ያልባሰበት አገር ቤት ሲሄድ ሙሉ ምርመራ ያድርግ። ወረቀት (የመኖሪያ ፈቃድ) የሌለው ሰው ደግሞ የስደተኛ ጉዳይ የሚይዘው መሥሪያ ቤት፣ ሆም ኦፊስ፣ እንዳያገኘው ጂፒ ዘንድ ዝር አይበል።

እኔ ለንደን ውስጥ በአንድ የጂፒ ክሊኒክ ሪሴፕሽን ላይ እሠራለሁ። ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ንዴታቸው ግን ይገባኛል፤ ከቅሬታቸው ብዙው እውነት ነው። ምክራቸው ግን ሰው ይጎዳል። ለዚህ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ። የምጽፈው ስለ እንግሊዝ ብቻ ነው፤ ስኮትላንድና ዌልስ የየራሳቸው አሠራር አላቸው። ቀኖቹ፣ ሰዓቶቹና ዓመቶቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጸሐፊው የሚጀምሩት ከጠዋቱ ስልክ ነው። በዚህ አገር ሰዓት 8 ላይ ትደውላለህ፣ ወረፋ ትይዛለህ፣ ተራህ ሲደርስ የዛሬው አልቋል፣ ነገ ደውል ትባላለህ። ይህ የሆነ ነገር ነው፤ አልክድም። ጥፋቱን ሪሴፕሽኒስቷ ላይ መጣላቸው ግን ልክ አይደለም። የሌለ ቀጠሮ ከየት ታምጣ? በ2015 እንግሊዝ ውስጥ ሥልጠናቸውን የጨረሱ ጂፒዎች፣ በሙሉ የሥራ ሰዓት ሲሰሉ፣ 29 ሺህ ገደማ ነበሩ። በ2024 ቁጥሩ ወደ 28 ሺህ ግድም ወርዷል። በዚያው ጊዜ ውስጥ በጂፒ የተመዘገበው ሕዝብ ከ57 ሚሊዮን ገደማ ወደ 63 ሚሊዮን ከፍ ብሏል። ለአንድ ሐኪም ከ2 ሺህ ያነሰ ሰው ይደርሰው የነበረው አሁን ከ2,200 በላይ ሆኗል። የጠዋቱ ወረፋ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሪሴፕሽኒስቷን ብትቀይሯት ቁጥሩ አይቀየርም።

ቀጠሮ ጭራሽ አይገኝም የሚለውም ትክክል አይደለም። በእንግሊዝ በየወሩ 30 ሚሊዮን ገደማ የጂፒ ቀጠሮ ይሰጣል። ከመቶ ከ40 በላይ የሚሆነው ሰው የሚታየው በደወለበት ቀን ነው። ጥያቄው ማን ያገኘዋል የሚለው ነው። ጸሐፊው ሊጠይቁት የሚገባው ይህን ነበር። ምክንያቱም እኛ አበሾች ብዙ ጊዜ ከማያገኙት ወገን ነን።

ነገ ደውል መባልን በተመለከተ ጸሐፊው ያልነገሩን ትልቅ ነገር አለ። ከ2023 ጀምሮ ክሊኒኮች ከመንግሥት የጤና አገልግሎት፣ ከኤን ኤች ኤስ፣ ጋር ያላቸው ኮንትራት ተለውጧል። ሰው መጀመሪያ ሲደውል ወይም ሲመጣ ጉዳዩ መታየት አለበት። ወይ ቀጠሮ ይሰጠዋል፣ ወይ ወደ ሌላ ትክክለኛ አገልግሎት ይመራል፣ ወይ መቼ እንደሚመለስለት ይነገረዋል። ሌላ ቀን ደውል ብሎ ስልክ መዝጋት ከኮንትራቱ ውጭ ነው። ስለዚህ እንዲህ ሲሏችሁ በትሕትና፣ ግን ሳትፈሩ፣ ጥያቄዬን አሁን መዝግቡልኝና መልሱን ንገሩኝ በሉ። ይህ የሚደጋገም ከሆነ ለክሊኒኩ ማናጀር ጻፉ። ለክሊኒኩ መጻፍ ካልፈለጋችሁ ደግሞ የአካባቢያችሁን ጤና አገልግሎት ለሚያስተዳድረው ቦርድ መጻፍ ትችላላችሁ። አይ ሲ ቢ ይሉታል። ከሐምሌ 2023 ጀምሮ የጂፒ አቤቱታ የሚቀበለው እሱ ነው።

ሪሴፕሽኒስት ሐኪም ሳትሆን ለምን ስለ ሕመሜ ትጠይቀኛለች ይላሉ ጸሐፊው። የምንጠይቀው ማን ቶሎ መታየት እንዳለበት ለመለየት ነው። ወሬ ፍለጋ አይደለም። የምትነግሩን ነገር በሕግ በምሥጢር ይያዛል። ለእኔ መናገር ካልፈለጋችሁ የግል ጉዳይ ነው በሉ፤ ያ በቂ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን አንድ ነገር ልናገር። እኛ ሕመማችንን አሳንሰን ነው የምንናገረው። በተለይ እናቶቻችን። ደረጃ ሲወጡ ደረታቸውን ጨምድዶ የሚይዛቸው ሴት፣ ስልክ ላይ ምን ሆኑ ሲባሉ፣ ትንሽ ደከም ብሎኛል ይላሉ። ሰው ላለማስቸገር ነው። በይሉኝታ የዋጡትን ነገር ግን ስልኩን ያነሳችው ልጅ ልታውቅ አትችልም። ድካም ብላ ትመዘግባለች፤ ቀጠሮው ከሁለት ሳምንት በኋላ ይሆናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምተን አድገናል፤ ስልክ ላይ ግን እንረሳዋለን። ስትደውሉ ምን እንደሚያማችሁ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ እየባሰ ይሁን እየተሻለ፣ ከየትኛው ሥራ እንዳገዳችሁ በግልጽ ተናገሩ። መሥራት አልቻልኩም፣ እንቅልፍ ነስቶኛል፣ ደም አይቻለሁ ማለት ማጋነን አይደለም። ሪሴፕሽኒስቷ የምትፈልገው ይህንኑ ነው።

ወደ ኢንተርኔቱ ልሂድ። ጸሐፊው የኦንላይን ፎርሙ እኛን ለማራቅ የመጣ ነው ይላሉ። እንግሊዝኛ ማንበብ ለሚከብዳቸው፣ ዘመናዊ ስልክ ለሌላቸው አዛውንቶች ፎርሙ ግድግዳ እንደሆነ እቀበላለሁ። ሆኖም ሕጉ ፎርሙን ብቸኛ በር አላደረገውም። ከጥቅምት 1 ቀን 2025 ጀምሮ ክሊኒኮች አስቸኳይ ላልሆነ ጉዳይ የኦንላይን መጠየቂያቸውን ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 6፡30 ክፍት እንዲያደርጉ ተገደዋል። በስልክና በአካል መጠየቅም በዚያው ሰዓት እንደ ቀድሞው መቀጠል አለበት። የሐኪሞቹ ማኅበር ቢ ኤም ኤ ተቃውሞታል። ጥያቄው እንደ ጎርፍ ሲመጣ አስቸኳይ ጉዳይ መሃል ላይ ይጠፋል ብሎ ይሰጋል። ስጋቱ ባዶ አይደለም፤ እኛም በየቀኑ የምናየው ነው። ግን ሌሊት ሠርቶ ጠዋት የሚተኛ የጽዳት ሠራተኛ ወይም ስልክ መያዝ የማይፈቀድለት የመጋዘን ሠራተኛ በዕረፍት ሰዓቱ ፎርም መሙላቱ በ8 ሰዓት ከመሻማት ይሻለዋል። የእናንተ ኦንላይን መሙላት ደግሞ የስልኩን መስመር ለእማማ ይለቅላቸዋል። ፎርሙን ለእናታችሁ በፈቃዳቸው መሙላትም ትችላላችሁ፤ መሙላታችሁንና ለማን እንደሞላችሁ ብቻ ጻፉበት።

ሐኪም ሳይሆን ሌላ ሰው ያየናል ስለሚሉት ብዙ አልልም። ከ2019 ጀምሮ መንግሥት ለጂፒ ክሊኒኮች ፋርማሲስት፣ ፊዚዮቴራፒስት፣ ፓራሜዲክና ሌሎችም ባለሙያዎች እንዲቀጠሩ ገንዘብ ይሰጣል። ወገቡን ለሚያመው ሰው ፊዚዮቴራፒስቱ ብዙ ጊዜ ከጂፒው የተሻለ ጊዜና ዕውቀት አለው። ስድስት ዓይነት መድኃኒት የሚወስዱ አባት ከፋርማሲስቱ ጋር ቢቀመጡ ይጠቀማሉ። ጸሐፊው ልክ የሆኑበት ነገር ቢኖር የሚያያችሁ ማን እንደሆነ የማወቅ መብት አላችሁ። ጠይቁ፤ ካልተነገራችሁም ደግማችሁ ጠይቁ።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ወገኖቻችን ገና በደንብ ያልተጠቀሙበት ነገር አለ። ከጥር 31 ቀን 2024 ጀምሮ ሰፈር ያለው ፋርማሲ ለሰባት ሕመሞች ያለ ጂፒ ቀጠሮ አይቶ፣ ካስፈለገም አንቲባዮቲክ ጭምር መስጠት ይችላል። እነሱም የጉሮሮ ሕመም፣ ሳይነስ፣ የልጆች የጆሮ ሕመም፣ ኢንፌክሽን የያዘው የነፍሳት ንክሻ፣ ኢምፔታይጎ የሚባለው የቆዳ ቁስል፣ ሺንግልስ (አልማዝ ባለጭራ)፣ ከ16 እስከ 64 ዓመት ላሉ ሴቶች ደግሞ ቀለል ያለ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ናቸው። ገብታችሁ ፋርማሲስቱን ማናገር እፈልጋለሁ ማለት ነው።

አሁን ወደ ፓራሲታሞሉ። ይህን ቅሬታ ያልሰማ አበሻ ያለ አይመስለኝም። አገር ቤት ክሊኒክ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ደም ተመርምሮ፣ ወይ መርፌ ተወግቶ፣ ወይ አንቲባዮቲክ ይዞ ይወጣል። እዚህ ባዶ እጁን ሲወጣ የተናቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ጉንፋንና አብዛኛው ሳል የቫይረስ ናቸው። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም። በማያስፈልግበት ጊዜ የተወሰደ አንቲባዮቲክ የሚያደርገው ባክቴሪያውን ማለማመድ ነው፤ በእርግጥ ያስፈለገ ቀን አይሠራም። እዚህ ያለው ሐኪም አለማዘዙ ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ሕክምና ነው።

ብዙ ጊዜ አልኩ እንጂ ሁልጊዜ አላልኩም። ሐኪም ይሳሳታል። በ2020 አንዲት የ27 ዓመት ወጣት ከጂፒዋ ጋር ከ20 ጊዜ በላይ ተገናኝታ፣ ካንሰሯ ሳይታወቅ ቆይቶ ሞታለች። ቤተሰቦቿ ባደረጉት ትግል በመስከረም 2025 በስሟ የጄስ ደንብ የተባለ አሠራር ወጥቷል። አንድ ሰው በዚያው ሕመም ሦስት ጊዜ ከመጣና መልስ ካልተገኘለት ወይም እየባሰበት ከሆነ ሐኪሙ ቆም ብሎ ከመጀመሪያው እንደገና እንዲያስብ ነው የሚጠይቀው። የቀድሞውን መዝገብ ያያል፣ በአካል ይመረምራል፣ ተጨማሪ ምርመራ ወይም ሪፈራል ያስባል። ስለዚህ ፓራሲታሞል ተሰጥቷችሁ ካልተሻላችሁ ተመለሱ። ሦስተኛ ስትሄዱ፣ በዚህ ሕመም ስመጣ ይህ ሦስተኛዬ ነው ብላችሁ ጀምሩ። አንዴ ሄደን፣ ተናደን፣ ቤት ተቀምጠን ከቀረን ግን ይህ ደንብ ለእኛ አይደርስልንም።

ሌላም አለ። የሚቻል ከሆነ አንድ ሐኪም ያዙ። ኖርዌይ ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መረጃ ላይ የተሠራ ጥናት ነበር። ከ15 ዓመት በላይ በአንድ ጂፒ የታዩ ሰዎች፣ አንድ ዓመት ብቻ ከታዩት ጋር ሲነጻጸሩ፣ የመሞት ዕድላቸው በሩብ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ሆስፒታል በድንገት የመግባት ዕድላቸውም እንዲሁ። እዚህ አገር ማንኛውም የተመዘገበ ሰው በስሙ የተመደበ ጂፒ አለው። ማን እንደሆነ ሪሴፕሽን ጠይቁ። ጉዳያችሁ የማያስቸኩል ከሆነ እሷን ወይም እሱን መጠበቅ እመርጣለሁ በሉ። ሳምንት ይጨምራል፤ ግን ታሪካችሁን በየጊዜው ከሀ ጀምሮ መናገር ይቀራል።

ጸሐፊው በዚህ ሁሉ መሃል አንድም ጊዜ ያላነሱት ቃል አስተርጓሚ የሚለውን ነው። በእኔ እምነት የፓራሲታሞሉ ቅሬታ ግማሹ ከቋንቋ የመጣ ነው። ቀጠሮ አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። በዚያ ውስጥ ሆዴን ይነፋኛል፣ ልቤን ያፍነኛል፣ መጋኛ መታኝ የሚለውን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ለማስረዳት ሲሞከር ሐኪሙ ጋ የሚደርሰው ፔይን የምትል ቃል ብቻ ትሆናለች። ለፔይን ደግሞ ፓራሲታሞል ይታዘዛል። የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክም ቢሆን ይገኛል። ለበሽተኛው ነፃ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ፤ መዝገባችሁ ላይም ይጻፍላችሁ። የኤን ኤች ኤስ መመሪያ አስተርጓሚ ላለበት ቀጠሮ ረዘም ያለ ጊዜ እንዲሰጥ ይላል፤ ብዙ ጊዜ እጥፍ ነው።

እባካችሁ ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከእናቱ ጎን ተቀምጦ ስለ ማሕፀኗ ሲጠየቅ አይቻለሁ። ልጁ አንገቱን ደፋ። እናቲቱ ደህና ነኝ በለው አለችው። ደህና እንዳልነበረች ፊቷ ይናገር ነበር። መመሪያው ቤተሰብ፣ በተለይ ልጅ፣ እንዲያስተረጉም የማይመክረው በምክንያት ነው። አስተርጓሚ የለንም የሚል ክሊኒክ ካጋጠማችሁ ቀደም ብዬ ወዳልኩት ቦርድ ጻፉ። ይህ አቤቱታ የሚያስደምጥ አቤቱታ ነው።

ከቅሬታው ወደ ምክሩ ስንመጣ ነው ከጸሐፊው ጋር ጭራሽ የማልስማማው። የባሰበት ቀጥታ ኢመርጀንሲ ይሂድ ይላሉ። ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ ፊት ወይም እጅ በድንገት መዛል፣ መተንፈስ ማቃት፣ የማይቆም ደም ከሆነ አዎ። ያኔ ጂፒም አትጠብቁ፤ አምቡላንስ ወደሚጠራበት 999 ደውሉ። ለወራት የቆየ የጨጓራ ሕመም ወይም የጉልበት ሕመም ይዞ ኢመርጀንሲ መሄድ ግን ሌላ ነው። ኢመርጀንሲ የገቡ ሰዎች 95 ከመቶው በ4 ሰዓት ውስጥ እንዲጨርሱ የሚለው መለኪያ በአገር አቀፍ ደረጃ ከ2015 ወዲህ ተሟልቶ አያውቅም። ሌሊቱን ወንበር ላይ ታሳልፋላችሁ። የሚያያችሁ ሐኪም የዛሬውን አደጋ አይቶ ይሸኛችኋል። የደም ግፊት መድኃኒታችሁን አያስተካክልም፣ ከወር በኋላ እንዴት ሆናችሁ አይላችሁም። ለጂፒያችሁ ደብዳቤ ይጽፋል። ጂፒ የሌለው ሰው ደብዳቤ ማን ይከታተለዋል?

በሁለቱ መሃል ያለውን ጸሐፊው ዘለውታል። 111 የሚባለው የኤን ኤች ኤስ የስልክ መስመር ሌትም ቀንም ይሠራል። ስልኩ ሲነሳ ኢንተርፕሪተር፣ አምሃሪክ ብትሉ አስተርጓሚ ያገናኟችኋል። ካስፈለገ ሌሊት የሚሠራ ጂፒ ዘንድ ቀጠሮ ይይዙላችኋል። ከጥቅምት 2022 ጀምሮ ደግሞ የሰፈር ክሊኒኮች በጋራ ሆነው በሥራ ቀናት ከምሽቱ 6፡30 እስከ 8 ሰዓት፣ ቅዳሜ ከ9 እስከ 5 ሰዓት ቀጠሮ ይሰጣሉ። ቦታው የራሳችሁ ክሊኒክ ላይሆን ይችላል። የምሽት ወይም የቅዳሜ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቀን ሰው ግን ጥቂት ነው።

አገር ቤት ስትሄዱ ተመርመሩ የሚለው ምክር ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነው። በጥሩ መንፈስ እንደተባለ አውቃለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በግል ክሊኒክ በአንድ ቀን ሁሉንም ተመርምሮ መውጣት ደስ ይላል። ግን ደም ግፊትና ስኳር የጉዞ ቀን አይጠብቁም። ለዓመታት ሳይታወቁ ይቆያሉ፤ ሲታወቁ ብዙ ጊዜ ኩላሊት ወይም ዓይን ተጎድቷል። ግፊት በአንድ ቀን ተለክቶ አያልቅም፤ ክትትል ነው። ክትትሉ ያለው ደግሞ በምትኖሩበት ሰፈር ነው። አገር ቤት የተመረመራችሁበት ውጤት ካለ አምጡልን፤ መዝገባችሁ ውስጥ እናስገባዋለን። በእሱ ብቻ ግን አትተማመኑ።

እዚሁ በነፃ ያለውን ልንገራችሁ። ከ40 እስከ 74 ዓመት ያለ፣ የልብ፣ የስኳር ወይም የመሰለ ሕመም ያልተገኘበት ሰው በየአምስት ዓመቱ የጤና ምርመራ ይጠራል። ግፊት፣ ኮሌስትሮል፣ እንደ ሁኔታው የስኳር ምርመራ አለው። ከ40 ዓመት በላይ ከሆናችሁ ብዙ ፋርማሲዎች ግፊታችሁን በነፃ ይለካሉ። ከ25 እስከ 64 ዓመት ያሉ ሴቶች ለማሕፀን በር ካንሰር ምርመራ ይጠራሉ። ከ50 እስከ 74 ዓመት ላሉ ሰዎች የአንጀት ካንሰር መመርመሪያ በየሁለት ዓመቱ ቤት ድረስ በፖስታ ይላካል። እነዚህ ጥሪዎች የሚላኩት ጂፒ ዘንድ በተመዘገበው አድራሻ ነው። እኛ ደግሞ ቤት እንቀያይራለን፣ ጂፒያችን ጋ ግን አድራሻ አንቀይርም። አልጠሩኝም ብሎ የሚያማርር ሰው መዝገቡ ሲከፈት ከአራት ቤት በፊት የነበረበት አድራሻ ይገኛል። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ አንድ ነገር የምታደርጉ ከሆነ አድራሻችሁንና ስልካችሁን አስተካክሉ።

የመጨረሻው ነጥብ ወረቀት ስለሌላቸው ወገኖቻችን ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ተሳስተዋል፤ ስሕተቱም አደገኛ ነው።

ጂፒ ለመመዝገብ መታወቂያም፣ የአድራሻ ማስረጃም፣ የመኖሪያ ፈቃድም ግዴታ አይደለም። ክሊኒኩ ሊጠይቃችሁ ይችላል። የለኝም ስትሉ ግን በዚያ ምክንያት ሊመልሳችሁ አይገባም። ቤት የሌለው ሰው የክሊኒኩን አድራሻ ተጠቅሞ ይመዘገባል። አንመዘግብም የሚሉ ከሆነ በቂ ምክንያት ሊኖራቸው ይገባል፤ ምክንያቱንም በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይሰጣሉ። ጂፒው የሚሰጠው ሕክምና ለማንም ነፃ ነው፤ ቪዛ አይጠየቅበትም። የሚከፈለው የመድኃኒት ነው፤ በ2025 ለአንድ መድኃኒት 9.90 ፓውንድ ነበር። የጥገኝነት ድጋፍ የሚያገኙ ሰዎች ኤች ሲ 2 የሚባል ወረቀት ስላላቸው እሱንም አይከፍሉም።

የሆም ኦፊስ ፍርሃት ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በ2017 የጤናው መረጃ ክፍል አድራሻን ለሆም ኦፊስ የሚሰጥበት ስምምነት ነበር። ብዙ ተቃውሞ ተነስቶበት በ2018 ተቋርጧል። ሐኪሞችና የመብት ተሟጋቾች ታግለው ያስቆሙት ነው። ጸሐፊው ያንን ጊዜ ይዘው ቀርተዋል።

ክፍያና ዕዳ የሚመጣው ሆስፒታል ውስጥ ነው። ኢመርጀንሲ ክፍሉ ራሱ አያስከፍልም። ከዚያ አልፎ ሆስፒታል የተኛ፣ ወረቀት የሌለው ሰው ግን ሊጠየቅ ይችላል። ሳይከፈል የቆየ ከ500 ፓውንድ ጀምሮ ያለ ዕዳም ለሆም ኦፊስ ሊነገር ይችላል። ጥገኝነት ጠይቀው ውሳኔ የሚጠብቁና ስደተኛነታቸው የጸደቀላቸው ሰዎች የሆስፒታሉንም አይከፍሉም። እንግዲህ አስቡት። ጸሐፊው ወረቀት የሌለውን ሰው ነፃ ከሆነው ጂፒ አርቀው፣ ሲብስበት ወደ ኢመርጀንሲ ልከውታል። ከኢመርጀንሲው በላይ ያለው አልጋ ነው የሚያስከፍለው። በጂፒ በጊዜው በሚታከም ሕመም ሆስፒታል ተኝቶ ዕዳ ይዞ እንዲወጣ ነው የመከሩት። ይህን አስበው እንዳልጻፉት እርግጠኛ ነኝ።

ጸሐፊው የማኅበረሰባችን ጭንቀት ገብቷቸው ብዕር ያነሱ ሰው ናቸው። ስለዚህ አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። ስለ ቀጠሮውና ስለ ፓራሲታሞሉ ባንስማማ ችግር የለውም፤ እንከራከር። ወረቀት ስለሌላቸው ሰዎች የጻፉትን ግን ያርሙትና መጀመሪያ ለላኩላቸው ሁሉ መልሰው ይላኩት። የተሳሳተው ጽሑፍ አሁንም እየተላለፈ ነው፤ እሱን አንብቦ ሕመሙን ይዞ ቤቱ የተቀመጠ ሰው አለ።